ለእቴቴ አርባ የሕይወት ታሪክ ልጽፍ ነው፤ ሁሉም ሰው «ደግ ነበረች» ብቻ ይለኛል

የሽሮ ሜዳዋ

ሰላም ለሁላችሁ። ምክር ፈልጌ ነው የመጣሁት።

አያቴ እቴቴ ጥቅምት 23 አረፈች። ለቅሶው አልፏል፣ ድንኳኑም ተነስቷል። አሁን አርባዋ እየደረሰ ነው። እኔም «የተማርሽው አንቺ ነሽ» ተብዬ የሕይወት ታሪኳን እንድጽፍ ታዝዣለሁ። በትንሽ መጽሔት መልክ ይታተማል። ፎቶዋ ከፊት፣ ምስጋና ከኋላ፣ መሀሉ የኔ ዕዳ።

ቀብሯ ላይ የተነበበውን ብትሰሙ! «ከአባቷ ከአቶ እገሌና ከእናቷ ከወይዘሮ እገሊት ቡልጋ ውስጥ ተወልዳ፣ ለአካለ መጠን ስትደርስ በሕግ ትዳር መሥርታ፣ አምስት ልጆች አፍርታ፣ ባደረባት ሕመም በሕክምና ስትረዳ ቆይታ…» አለቀ። ስሙን ብቻ ቀይራችሁ የማንንም አያት ልትቀብሩበት ትችላላችሁ። አጠገቤ የቆመች ሴትዮ «ስለማን ነው የሚያነበው?» ብላ ጠየቀችኝ። አልፈረድኩባትም። የመዝገብ ስሟን እኛ ራሳችን የምንሰማው ቀበሌ ስንሄድ ብቻ ነበር።

እቴቴ ማለት እንዲህ ናት። በደርግ ጊዜ ቀበሌያችን ሙአለ ሕፃናት ሲከፍት ሞግዚት ሆና ገባች። አስተማሪዎቹ ፊደል ያስቆጥራሉ፤ እሷ ታበላለች፣ አፍንጫ ትጠርጋለች፣ ሰሌን አንጥፋ ታስተኛለች። እናቴ እንደምትለው የፋፋ ሽታ ከቀሚሷ ላይ ለቆ አያውቅም። 1983 ላይ መንግሥት ሲለወጥ ሙአለ ሕፃናቱ ተዘጋ። ልጆቹ ግን ቤት አልቀሩም፤ እኛ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

ሽሮ ሜዳን የምታውቁ ይገባችኋል። አባት ሸማ ሲሠራ ይውላል፣ እናት ትፈትላለች፣ ወይ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ እንጦጦ ወጥታ ጭራሮ ተሸክማ ትወርዳለች። ልጅ የት ይዋል? እቴቴ ግቢ። እንዲህ እንዲህ እያለ ግቢያችን የሰፈሩ መዋያ ሆነ። ጉልበቷ እስኪከዳት ድረስ ልጅ ያልነበረበት ቀን ትዝ አይለኝም። የመጨረሻው የኔ ልጅ ነው።

ዘመዱም በሷ ነበር የሚተዳደረው። አጎቶቼ በቤት ጉዳይ ተኳርፈው የከረሙ ጊዜ ሁለቱንም ጠራቻቸውና ቡና አፈላች። አቦሉ ሲጠጣ ማንም እንዲናገር አልፈቀደችም። ቶናውም በዝምታ ሄደ። በረካው ላይ «በሉ አሁን ተናገሩ» ስትላቸው ሁለቱም የሚሉት ጠፋቸው።

ችግሬ ምን መሰላችሁ? ያሳደገቻቸውን ልጆች እየዞርኩ ጠየቅኩ። አንዱ ባጃጅ ይነዳል፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ የአባቱን ሸማ ሥራ ይዟል። ሁሉም እንባቸው እየመጣ «ደግ ነበረች፣ እናት ነበረች፣ ምን ይወጣላታል» ይሉኛል። አምናለሁ። ግን በሱ ገጽ አይሞላም። ከሰው አፍ እውነተኛውን ነገር እንዴት ነው የማወጣው?

ሌላም አለኝ። ልጄ አራት ዓመቱ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሷ ጋር ነበር የሚውለው። ያረፈች ዕለት አንዷ ዘመዳችን «እቴቴ ተኝታለች» አለችው። ከዚያ ወዲህ ማታ አልተኛም ብሎ ቁም ስቅላችንን ያሳየናል። ምን ልበለው?

(አክስቴ ለአርባዋ በሬ ካልታረደ፣ አሜሪካ ያለው አጎቴ ደግሞ እብነ በረድ ካልቆመ ብለው ተፋጠዋል። ይሄን እናንተም ስለማትፈቱት አልጠይቅም።)

የእድር ጸሐፊ

እግዚአብሔር ያጽናሽ ልጄ። ነፍሷን በአጸደ ገነት ያኑርልን።

በእድራችን ጸሐፊነት ረጅም ዘመን ስላገለገልኩ የሕይወት ታሪክ አንብብ እየተባልኩ ስንቱን አንብቤያለሁ። በዚያ ጽሑፍ አትፍረጂ። እኛ አገር ሰው ዛሬ ሞቶ ነገ ይቀበራል። ጸሐፊው ሌሊቱን፣ ሴቶቹ እያለቀሱ፣ አንዱ ዘመድ «ታላቅ ልጇን አስቀድም»፣ ሌላው «የመጀመሪያ ባሏን አታንሳ» እያለው ነው የሚጽፈው። ስለዚህ ማንም የማይጣላበትን ይጽፋል። አንቺ ግን ጊዜ አለሽ።

«እንዴት ነበረች?» ብለሽ አትጠይቂ። መልሱ «ደግ» ነው። አርፋ ገና አርባዋ ሳይወጣ ማን ሌላ ነገር ይናገራል? ይልቅ እንዲህ በያቸው። በምን ትቆጣችሁ ነበር? ስትቆጣስ ምን ብላ ነው? ማንን ታዳላ ነበር? ምን ብላ ትዋሻችሁ ነበር? መቀነቷ ውስጥ ምን ትቋጥር ነበር? ሰው ሲታማ የሚወጣው ነገር ሲመሰገን አይወጣም። እያማችሁ አመስግኗት።

ሁለተኛ፣ ብቻ ለብቻ አታናግሪያቸው። ሁለት ሦስቱን አንድ ላይ ጥሪና ቡና አፍዪ። አንዱ ተሳስቶ ሲያወራ ሌላው «ኧረ እንደሱ አይደለም» ይላል። ያን ጊዜ እስክሪብቶሽን አንሺ።

ደብተር ወይም ወረቀት ካላትም ፈልጊ። የእድር ካርዷን ሳይቀር እዪ።

ሞግዚት ነኝ በሲልቨር ስፕሪንግ

ነፍስ ይማር እህቴ። ሆዴን አባባሽው።

እኔም ደሴ የቀበሌ ሙአለ ሕፃናት ውስጥ ነው ያደግኩት። የኛዋ ሞግዚት ፊቷ ጠፍቶብኛል፣ ፎቶም የለኝም። የማስታውሰው እጅ ታጠቡ ብላ ከላከችን በኋላ በር ላይ ቆማ የእያንዳንዳችንን እጅ ማሽተቷን ነው። ሳሙና ካልሸተተ ትመልሰናለች። አንድ ቀን ሳሙናውን ሳልታጠብበት መዳፌ ላይ አሽቼው ሄድኩ። አሸተተችና ሳቀች፤ አሳለፈችኝ። እንዳወቀችብኝ ያወቅኩት ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ራሴ ልጅ መያዝ ስጀምር ነው።

ይሄን የማወራሽ ወድጄ አይደለም። ልጅ የሚይዘው ሽታና እጅ ነው፤ የተመከረውን አይደለም። ስለዚህ በአፍንጫቸውና በሆዳቸው በኩል ግቢባቸው። ምን ምን ትሸት ነበር? ፋፋው ወፍራም ነበር ቀጭን? ስኳሩ ይበዛ ነበር? ይሄን ስትጠይቂያቸው ሌላው ራሱ ይመጣል።

ሌላ ደግሞ፣ «ጻፉልኝ» አትበያቸው። አማርኛ ተናጋሪ እስክሪብቶ ሲይዝ መግለጫ ነው የሚጽፈው። በቴሌግራም ድምፅ ይላኩልሽ። መኪና ውስጥ ሆነው፣ ወጥ እያማሰሉ የሚያወሩት ይበልጣል። ውጭ ያሉትም በዚያው ይገኙልሻል።

እኔ ዛሬ ሜሪላንድ ውስጥ በቤቴ ልጅ እይዛለሁ። ከስምንት በላይ አይፈቀድልኝም፤ ከሁለት ዓመት በታች ደግሞ ከሁለት አይበልጥም። የሚተኙበት ቦታ፣ የእሳት ማጥፊያው፣ የመድኃኒቱ ሳጥን ቁልፍ፣ ሁሉም ይታያል። እቴቴሽን እዚህ ቢያመጧት በመጀመሪያው ቀን ፈቃዷን ይነጥቋት ነበር። ደንቡ አይጠላም፤ ለልጆቹ ነው። ግን ማታ የዘገየች እናት ስትመጣ በደቂቃ ቆጥሬ ገንዘብ እንድጠይቅ ውሌ ላይ ተጽፏል፤ ይሄኔ የደሴዋ ትዝ ትለኛለች።

ኧረ ተዉ

መጽሔቱን ማን ያነበዋል? ፎቶውን አይቶ የእንጀራ መሶብ ስር ነው የሚያደርገው። ብሩን ለነዳያን ስጡት።

የሽሮ ሜዳዋ

@ኧረ ተዉ፦ መሶብ ስር ቢቀመጥም ቤቱ ገባ ማለት ነው 😊

ዲያቆን ነኝ

እግዚአብሔር ያጽናችሁ።

በሬውን በተመለከተ ልገላግላችሁ። ጥቅምት 23 ካረፈች፣ ዕለቱን ቆጥረን አርባዋ ታኅሣሥ 2 ይውላል። ነቢያት ጾም ኅዳር 15 ገብቷል። ስለዚህ በሬ የለም። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ጎመን፣ ጠላ። አክስትሽ «ለሰማንያዋ እናርዳለን» ካሉ ደግሞ ሰማንያው ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ ላይ ነው የሚወድቀው። ያን ቀን የሚካኤል ታቦት ወደ መንበሩ ይመለሳል፤ ሰፈሩ ሁሉ ታቦት አጅቦ ነው የሚውለው፣ ሰው ድንኳናችሁ አይመጣም። የግድ ሥጋ ካሰኛቸው መንፈቋን ወይም ሙት ዓመቷን ይጠብቁ፤ እሱም የጾም ቀን ላይ እንዳይውል አስቀድማችሁ ቁጠሩት።

ዋናው ግን ድግሱ አይደለም። በዕለቱ ቅዳሴ አስቀድሱ፣ ጧፍና ዕጣን አቅርቡ፣ ጸሎተ ፍትሐቱ ይደረግላት። የክርስትና ስሟን ለካህናቱ በትክክል ስጡ፤ ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ነው የሚደናገጠው። ከዚያ ነዳያን ይብሉ። ከላይ «ለነዳያን ስጡት» ያሉት ወንድም ቃላቸው ሻከር ቢልም ነገሩ ልክ ነው፤ ተዝካር ከጥንቱም ለዚሁ ነው። መጽሔቱ ግን ከዚህ ጋር አይጣላም።

እብነ በረዱንም አጎትሽ ከመላካቸው በፊት የሰበካ ጉባኤውን ያነጋግሩ። ተሠርቶ ከመጣ በኋላ «መጠኑ አይፈቀድም» መባል አለ።

ሚስ

እኔ የኬጂ አስተማሪ ነኝ፤ ስለ ልጅሽ ብቻ ልናገር።

«ተኝታለች» የሚለውን ዛሬውኑ አንሺለት። እንቅልፍ የፈራው ለዚህ ነው፤ በሱ ቤት የተኛ ሰው አይነሳም ማለት ነው። «ሩቅ አገር ሄዳለች» ደግሞ አትበይው፤ ሲጠብቅ ይኖራል፣ ሳትሰናበተኝ ሄደች ብሎም ይቀየማል። «እግዚአብሔር ስለሚወዳት ወሰዳት» ካልሽው አንቺንም እንዳይወድብሽ ይሰጋል። እኛ ትልልቆቹ የምንጽናናበት ቃል ሁሉ ለአራት ዓመት ልጅ አይሆንም።

ቁጭ ብለሽ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሽ፣ እንዲህ በይው። «እቴቴ ሞታለች። በጣም አርጅታ፣ በጣም ታማ ነበር። ሰውነቷ መሥራት አቆመ። አሁን አያማትም፣ አይርባትም። ተመልሳ አትመጣም። እኛም አዝነናል።» ከዚያ ዝም በይ። ያልጠየቀሽን አትመልሺ።

ነገ እንደ አዲስ ይጠይቅሻል። ከነገ ወዲያም። ሰምቶ ስላልገባው አይደለም፤ ያልተለወጠ መሆኑን እያረጋገጠ ነው። ሁሌም ያንኑ ቃል መልሺለት። ትንሽ አልቅሶ ኳስ ሊጫወት ቢሮጥ አትደንግጪ፣ ልጅ የሚያዝነው በቁራሽ በቁራሽ ነው። ለአርባዋ ደግሞ አታሸሽው። ዳቦ ይዙር፣ ጧፍ ይያዝ። የሚሠራው ነገር ስጪው።

የሽሮ ሜዳዋ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ለወሬ ተመለስኩ።

ጋሼ ጸሐፊው እንዳሉኝ ባጃጁን፣ ነርሷንና ሸማኔውን እሁድ አንድ ላይ ጠርቼ ቡና አፈላሁ። መጀመሪያ ላይ ያው «ደግ ነበረች»። ከዚያ «ምን ብላ ትዋሻችሁ ነበር?» አልኩ። ሦስቱም እኩል ሳቁ።

አውሮፕላን! «ፋፋውን የጨረሰ አውሮፕላን ያያል» ትላቸዋለች። ጨርሰው ግቢ ይወጡና አንገታቸውን ሰቅለው ይቆማሉ። አንዳንዴ እውነትም ያልፋል። ያላለፈ ቀን «ደመናው ሸፍኖት ነው እንጂ አልፏል» ትላለች። ነርሷ «ሰማዩ ጥርት ባለበት ቀን እንኳን» አለች። ባጃጁ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆኖ አውሮፕላን ሲሰማ አፉ ላይ ፋፋ ፋፋ ይለኛል ብሎ ማለልን።

ታዳላ ነበር ወይ ስል ሦስቱም «አዎ» አሉ። ለማን ሲባል ግን እያንዳንዱ «ለኔ»። እዚህ ላይ ተጣሉ ማለት ይቀላል። ለሁሉም መቀነቷን ፈትታ «ለማንም እንዳትናገር» እያለች ደስታ ከረሜላ ትሰጣቸው ነበር ለካ። እስከዚያች እሁድ ማንም ለማንም አልተናገረም።

ስትቆጣስ? አትመታም፤ ስም ትቀይራለች። ያጠፋ ልጅ እስከ ማታ «እንግዳው» ነው። «እንግዳው ውሃ ይፈልጋል ወይ ጠይቁልኝ» ትላለች፣ አጠገቧ ቆሞ። ሸማኔው ይሄን ሲያወራ ድምፁ ሰለለ። ከዱላ ይከብድ ነበር አለ። እኔም አውቀዋለሁ፤ እንግዳ ሆኜ አውቃለሁ።

በጣም የገረመኝ የነርሷ ነው። እናቷ ጭራሮ ተሸካሚ ነበሩ፤ ሁልጊዜ የምትቀረው የመጨረሻ ልጅ እሷ ናት። እናትየው ሲመጡ እቴቴ ልጅቷን ወዲያው አታስረክብም። መጀመሪያ ሸክሙን ታስወርዳለች። በርጩማ ታስጠጋለች። ቁራሽ ዳቦና ሻይ ትሰጣለች። ልጅቷ መጋረጃው ጀርባ ሆና ትሰማለች። «ትንሽ አረፍ በይ፤ ተናደሽ የወሰድሽው ልጅ ሌሊቱን ያለቅስብሻል» ትላቸዋለች። ከዚያ በኋላ ነው መጋረጃው የሚገለጠው። «እናቴን ሁልጊዜ ፈገግ ስትል ነበር የማገኛት» አለችኝ። ሸክሙን ተሸክማ ያየቻት ትልቅ ሆና ነው።

ደብተርም ተገኘ። አክስቴ ጋ ነበር፣ የእድር መክፈያ ተብሎ። ከኋላው በኩል የልጆቹ ሒሳብ አለበት። እቴቴ ፊደል የቆጠረችው ትልቅ ሰው ሆና ነው፤ በ1971 የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ልጅ አዝላ ከተማሩት አንዷ ናት። ሰርተፊኬቷ እስካሁን ግድግዳ ላይ ነው፣ ከማርያም ሥዕል ጎን። ፊደሎቿ ትልልቅ ናቸው፣ መስመር አይጠብቁም። ስም የለም፤ ሁሉም በወላጁ ነው። ጥቂቱን ልገልብጥላችሁ።

«የጭራሮዋ ልጅ። አንድ እስር አመጣች። ተከፈለ።»
«የሸማኔው መንታዎች። ጋቢ ሰጠ። የዓመት።»
«የፖሊሱ ልጅ። ነገ አለ።»
«የፖሊሱ ልጅ። ነገ አለ።»
«የፖሊሱ ልጅ። ነገ አለ። ልጁ ግን ይበላል።»

ፖሊሱ ከፍሎ አያውቅም። ልጁ ግን ደብተሩ እስኪያልቅ ድረስ አለ። አክስቴ ይሄን አንብባ «እኔ እኮ ያኔ ጫማ አልነበረኝም» ብላ ትንሽ ተናደደች፣ ከዚያ ራሷ ሳቀች። ይሄም ይጻፍ አለች። የሸማኔው ጋቢ ደግሞ፣ ጥለቱ ደብዝዞ፣ እስከ መጨረሻው ትከሻዋ ላይ የነበረው ነው።

ልጄን ሚስ እንዳለችኝ ነገርኩት። ሰማኝና «ታዲያ ፋፋ ማን ይሠራልኛል?» አለ። እኔ አልኩት። «አንቺ ታቀጥኚዋለሽ» ብሎኝ ሊጫወት ወጣ። ማታ ተኛ። በነጋታው እንደገና ጠየቀኝ፣ እንደገና ነገርኩት።

በሬው ቀርቷል፤ ዲያቆን፣ ቤታችንን ነው ያስታረቁት። አጎቴም የእብነ በረዱን ብር ለጊዜው ይዞታል።

እስካሁን የጻፍኩት መግቢያ ይሄ ነው። እስቲ እዩልኝ።

«እቴቴ ልጅ የምትይዘው ለገንዘብ አልነበረም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ደብተር ነበራት። ደብተሩ ላይ ጭራሮም፣ ጋቢም፣ ነገም ተከፍሎ ተመዝግቧል። በሽሮ ሜዳ ፋፋዋን የበላ ሁሉ አውሮፕላን አይቷል፤ ያላየም ደመና ሸፍኖበት ነው።…»

ሞግዚት ነኝ በሲልቨር ስፕሪንግ

ኧረ በማርያም! «ልጁ ግን ይበላል»። አንድ ኮፒ አስቀምጪልኝ፣ አድራሻ በውስጥ መስመር እልክልሻለሁ። ፖሊሱ ራሱ ለአርባዋ ይመጣ ይሆን?

የሽሮ ሜዳዋ

ልጁን እየፈለግነው ነው። አክስቴ «ከተገኘ ሒሳቡን ይዞ ይምጣ» ብላለች 😂

የእድር ጸሐፊ

ጥሩ ጀምረሻል ልጄ። አንድ ሁለት ነገር ልጨምርልሽ።

ፖሊሱ በሕይወት ካለ፣ ወይም ልጁ ሰፈር ውስጥ ካለ፣ «የፖሊሱ» የሚለውን «የአንድ ጎረቤት» አድርጊው። ሰው በአርባ ቀን ዕዳው ሲነበብበት ደስ አይለውም። እዚህ እንደተሳሳቃችሁት ይቅር።

የትውልድ ቦታዋን፣ የአባት የእናቷን ስም፣ የልጆቿን፣ የልጅ ልጆቿንና የልጅ ልጅ ልጆቿን ዝርዝር አትተዪ፤ መጨረሻ ገጽ ላይ አድርጊው። አሰልቺ ነው ብለሽ ብታወጪው ስሙ የቀረበት ዘመድ ዕድሜ ልክ ይቀየምሻል። ዝርዝሩን ከመታተሙ በፊት ለአክስትሽ አስነብቢ፤ ማን እንደተዘለለ እሳቸው ናቸው የሚያውቁት።

ለለቀስተኛው፣ ለእድሩና ለካህናቱ የሚሆን የምስጋና መስመርም አትርሺ። ማተሚያ ቤት በዓል ሲቃረብ ሥራ ይበዛበታል፣ ጽሑፉን ቀደም አድርገሽ ስጪ። ፎቶዋንም ከስልክ ላይ ሳይሆን ካለ ዋናውን ውሰጂላቸው።